ኮዱ አልቀበል ሲላችሁ፦ ከሲፓነል ደጅ ስትቀሩ ተመልሳችሁ የምትገቡበት መንገድ

እሁድ ማታ አንድ ደንበኛዬ ደወለ። «ኢሜይል አይገባልንም» አለኝ። ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል ብዬ ገመትኩ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ፓነል ከፈትኩ፣ ዩዘርኔም አስገባሁ፣ ፓስወርድ አስገባሁ፣ ከዚያ ያቺን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስድስት አሃዝ ኮድ ጠየቀኝ። ስልኬን አነሳሁና ኮዱን የሚያወጣውን አፕ፣ ኦተንቲኬተሩን፣ ከፈትኩ። ባዶ ነው።

ስልኩን ቅዳሜ ስክሪን አስቀይሬው ነበር። ሠሪው ልጅ ሲመልስልኝ «ይንቀራፈፍ ስለነበር ፍላሽ አድርጌልሃለሁ» ብሎኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ጉርሻ ጨምሬለት ነው የወጣሁት። ፎቶውም ኮንታክቱም ከጎግል ተመልሶ ስለነበር ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። ኦተንቲኬተሩ ግን ከአካውንቴ ጋር አልተያያዘም ነበር።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ሰዎች ይደውሉልኛል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው፦ የተዘጋውን በር ቆመው ይደበድባሉ። ክፍቱ በር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጋ ነው። እዚህ የምጽፈው ድረ ገጽና ኢሜይል በብራውዘር ስለሚታዘዝበት ሲፓነልና ስለ ታላቅ ወንድሙ ደብልዩ ኤች ኤም ነው፣ እኔ በየቀኑ የምውልበት እሱ ስለሆነ። ሌላ ፓነል ያላችሁም ብዙው ይጠቅማችኋል፣ ትዕዛዞቹ ብቻ ይለያያሉ።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ኮዱ ሁለት ሦስት ጊዜ እምቢ ካለ አቁሙ። ሲፓነል ሲፒሃልክ የሚባል ዘበኛ አለው። የተሳሳተ ሙከራ ሲበዛበት አይፒ አድራሻችሁን ወይም ዩዘራችሁን ይዘጋል። ክፋቱ ፓነሉን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፣ ኤስኤስኤችንም፣ ከሩቅ ሆኖ በጽሑፍ ትዕዛዝ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበትን በር፣ ይጠብቃል። ስለዚህ በንዴት ደጋግማችሁ ስትሞክሩ፣ በኋላ የምትድኑበትን በር ራሳችሁ ትቆልፉታላችሁ።

ሁለተኛው ክልክል፦ አፑ ውስጥ ያለውን የሰርቨሩን መስመር አታጥፉ። ብዙ ሰው «አጥፍቼ እንደገና ልጨምረው» ይላል። እሱን ማጥፋት ሰርቨሩ ላይ ምንም አይለውጥም፣ ቁልፉን ከኪስ አውጥቶ ወንዝ ውስጥ መወርወር ነው። አሮጌውን ስልክም አሁን ሪሴት አታድርጉት፣ አትሽጡት፣ ለማንም አትስጡት።

2. የተዘጋው የትኛው በር ነው?

ሲጨንቃቸው ሰዎች የሚሉት «ሰርቨሬ ተዘጋ» ነው። በሮቹ ግን ብዙ ናቸው፣ የየራሳቸው ኮድም አላቸው። ብራውዘሩ ላይ የአድራሻውን መጨረሻ እዩት። 2083 ካለ የሲፓነል በር ነው፣ የአንድ ድረ ገጽ ባለቤት የሚገባበት። 2087 ካለ ደብልዩ ኤች ኤም ነው፣ ሰርቨሩን በሙሉ የሚያዝ ሰው የሚገባበት። ቁጥር ከሌለውና ደረሰኝ የምትከፍሉበት ገጽ ከሆነ ደግሞ የሆስቲንግ አቅራቢው አካውንት ነው፣ የእሱ ኮድ ከሰርቨሩ ኮድ ጋር ግንኙነት የለውም። የዎርድፕረስ መግቢያን ከሲፓነል ጋር አደባልቆ ሁለት ሰዓት ያደረቀኝ ሰውም አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም።

አፑ ውስጥም ብዙ ስም ተደርድሮ ይሆናል። ሁለት ሰርቨር ካላችሁና ሁለቱንም «ሩት» (የሰርቨሩ ዋና አዛዥ ዩዘር) በሚል ስም ካስገባችኋቸው፣ የአንዱን ኮድ ለሌላው እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል። ይሄንን ለማየት አስር ሰከንድ ይበቃል።

3. ሰዓቱን እዩ

አፑ ጨርሶ ካልጠፋና ኮዱ እየወጣ ሰርቨሩ ብቻ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰዓትን ነው።

ኮዱ ከኢንተርኔት አይመጣም። ስልኩና ሰርቨሩ በመጀመሪያው ቀን፣ ያንን ኪው አር ኮድ ስካን ስታደርጉ፣ አንድ ምስጢር ተካፍለዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለየብቻ ያንን ምስጢር ከሰዓቱ ጋር ቀላቅለው ያሰላሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከ1970 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ በ30 ሰከንድ እርምጃ። አሠራሩ በ2011 መስፈርት ሆኖ ወጥቷል፣ ዛሬ ሁሉም አፕ ማለት ይቻላል እሱን ነው የሚከተለው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ስልክና ዋሽንግተን ያለ ስልክ አንድ ምስጢር ከያዙ በዚያች ቅጽበት የሚያወጡት ኮድ አንድ ነው። ሰዓት ክልል አይመለከተውም። ሰዓቱ ራሱ ከተሳሳተ ግን አለቀ።

እኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው ስልኩ ሦስት ሰዓትን «3:00» ብሎ እንዲያሳየው ይፈልጋል፣ 9:00 እያየ ስድስት መቀነስ ይሰለቸዋል። ስለዚህ «አውቶማቲክ» የሚለውን ያጠፋና ሰዓቱን በእጁ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስልኩ ግን ይሄ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አያውቅም፣ በእውነት ከስድስት ሰዓት በፊት ያለ ነው የሚመስለው። ስድስት ሰዓት ማለት 720 እርምጃ ነው። ሰርቨሩ ቢታገስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ነው፣ 720 አይታገስም። የአክስቴ ልጅ ሙሉ ቀን ያለቀሰው በዚህ ነበር፣ ስልኩን ተቀብዬ አንዷን ቁልፍ ስነካት ኮዱ ሠራ።

መፍትሔው ይሄ ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለው ጋ ገብታችሁ አውቶማቲክ ሰዓቱን አብሩት። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ አዲስ ኮድ ሲመጣ ሞክሩ። የኢትዮጵያን ሰዓት ካልተውኩ የምትሉ ደግሞ አንድሮይድ ላይ መንገድ አለ። አውቶማቲክ ሰዓቱን እንደበራ ተዉት፣ አውቶማቲክ የሰዓት ክልሉን ብቻ አጥፉትና ቦነስ አይረስን ምረጡ። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ «3:00» ይላችኋል፣ ውስጡ ግን ትክክለኛ ሰዓት ነው፣ ኮዱም ይሠራል። ቀኑም የሚቀየረው ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ እንደኛ። እኔ በዚህ በጣም ነው የምደሰተው።

የስልኩ ሰዓት ልክ ሆኖም እምቢ ካለ የሰርቨሩ ሰዓት ተንሸራትቶ ይሆናል። እሱን ለማየት ወደ ውስጥ መግባት ስለሚጠይቅ ቁጥር 6 ላይ እመለስበታለሁ።

4. ቁልፉ የሆነ ቦታ ተርፎ ይሆናል

አፑ ከጠፋ ወይም ስልኩ ከተሰረቀ፣ ወደ ማንም ከመደወላችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ።

አሮጌው ስልክ የት ነው? ሲም ባይኖረውም፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም ኮድ ያወጣል፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ለታናሽ ወንድማችሁ ሰጥታችሁት ከሆነ ደውሉና «እንዳትነካው» በሉት። ወራት ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ስልክ ሲበራ ሰዓቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዋይፋይ ስጡትና ሰዓቱን ያስተካክል።

ጎግል ኦተንቲኬተር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ኮዶቹን ከጎግል አካውንት ጋር ማስቀመጥ ይችላል። አፑን አዲሱ ስልክ ላይ ጫኑና በአሮጌው ኢሜይላችሁ ግቡ። አብርታችሁት ከነበር ዝርዝሩ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጂሜይል ካላችሁ ሁሉንም ሞክሩ፣ ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ አያስታውስም።

ቀጥሎ ጋለሪውን እዩ። ያንን ኪው አር ኮድ በመጀመሪያው ቀን ስክሪንሾት ያነሳ ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ለራሱ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ይወረውረዋል። ቴሌግራም ላይ ፎቶዎቹን ብቻ አውጥታችሁ ወደ ኋላ ውረዱ። ሰርቨሩ ላይ ማረጋገጫው በመሃል ተቀይሮ ካልሆነ በስተቀር፣ የሁለት ዓመት ምስል ቢሆንም እንደገና ስካን ብታደርጉት ይሠራል። እዚያ ማስቀመጥ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ ቴሌግራማችሁን የከፈተ ሁሉ ቁልፉን ያገኛል። ዛሬ ግን ተጠቀሙበት፣ ሲያልቅ ታጠፉታላችሁ።

5. ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ

ሰርቨሩ የእናንተ ካልሆነ፣ በዓመት ከፍላችሁ አንድ ሲፓነል ብቻ ከያዛችሁ፣ የምታደርጉት ቴክኒክ የለም። ከላይ ያለው ሰው ነው የሚከፍትላችሁ። እሱ ደብልዩ ኤች ኤም ውስጥ የሴኩሪቲ ክፍሉን ከፍቶ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ገጽ ላይ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ስማችሁን ፈልጎ ያነሳዋል። ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው እናንተ እናንተ መሆናችሁን ማመኑ ነው።

ስለዚህ ቲኬቱን፣ ለአቅራቢው ድጋፍ ክፍል የምትልኩትን ጥያቄ፣ በደንብ ጻፉ። «እባካችሁ መግባት አልቻልኩም» ብቻ ካላችሁ ተመልሶ የሚመጣው ጥያቄ ነው፣ አንድ ቀን ይሄዳል። ዶሜኑን፣ የሲፓነል ዩዘርኔሙን፣ ስልኩ መቼ እንደጠፋ ወይም እንደተቀየረ ጻፉ፣ የምትፈልጉትም ፓስወርድ መቀየር ሳይሆን የዚህ ዩዘር ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲነሳ መሆኑን በግልጽ አስቀምጡ። የምትልኩት አካውንቱ ላይ ከተመዘገበው ኢሜይል ይሁን። ያ ኢሜይል እዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነም አትደንግጡ፣ ስልካችሁ ላይ የተጫነው የኢሜይል አፕ የሲፓነሉን ኮድ አይጠይቅም፣ ከእሱ መላክ ትችላላችሁ።

አገር ውስጥ ያለ አቅራቢ ከሆነ መታወቂያ ይዛችሁ በአካል መሄድ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። አካውንቱ በድርጅት ስም ከሆነ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሊጠይቋችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ሁለቴ ከመመላለስ ይሻላል።

6. ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ

ቪፒኤስ (ለብቻችሁ የተከራያችሁት የሰርቨር ክፋይ) ወይም ሙሉ ሰርቨር ካላችሁና የሩት ባለቤት ከሆናችሁ ማንንም መለመን የለባችሁም። የሲፓነሉ ማረጋገጫ የሚጠብቀው በብራውዘር የሚገባውን ብቻ ነው። ኤስኤስኤች ሌላ በር ነው፣ ራሳችሁ ለብቻው ኮድ ካላደረጋችሁበት በስተቀር አይጠይቃችሁም።

ተርሚናል፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ በኤስኤስኤች በሩት ግቡ። በመጀመሪያ ሰዓቱን እዩ፣ «ታይም ዴት ሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ፣ ሳይነጣጠል ይጻፋል። የሲስተሙ ሰዓት ተመሳስሏል ወይ በሚለው መስመር ላይ «ኖ» ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ የሰዓት አገልግሎቱን ክሮኒን እንደገና አስነሱትና ምንም ሳታጠፉ በአፑ ኮድ ሞክሩ።

ሰዓቱ ልክ ከሆነና ቁልፉ በእውነት ከጠፋ፣ ማረጋገጫውን ከሩት ላይ ታነሳላችሁ። ትዕዛዙ ሦስት ቁራጭ አለው፣ በላቲን ትንንሽ ፊደል ነው የምትጽፉት፣ እኔ በእኛ ፊደል ላንብብላችሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ደብልዩ ኤች ኤም ኤ ፒ አይ እና ቁጥር 1 ነው፣ ሁሉም ተጣብቆ። ክፍት ቦታ ትተዋላችሁ። ሁለተኛው ቁራጭ «ቱፋክተርኦዝ» ነው፣ «ቱ» በቁጥር ሳይሆን በፊደል፣ «ኦዝ» ደግሞ ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኤች ተብሎ። ከዚያ አንደርስኮር፣ «ሪሙቭ»፣ አንደርስኮር፣ «ዩዘር»፣ አንደርስኮር፣ «ኮንፊግ»። እንደገና ክፍት ቦታ። የመጨረሻው «ዩዘር»፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ «ሩት» ነው፣ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ የለም። የተዘጋው ሩት ሳይሆን አንድ ደንበኛ ከሆነ በሩት ምትክ የእሱን ዩዘርኔም ትጽፋላችሁ።

ኢንተር ስትሉ ብዙ መስመር ይወርዳል። የምትፈልጉት ታች ያለውን «ሪዘልት» የሚል ቃል ነው። አጠገቡ 1 ካለ ተነስቷል። 0 ካለ «ሪዝን» የሚለውን አንብቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ነው።

በሁለተኛው ቁራጭ ቦታ «ቱፋክተርኦዝ»፣ አንደርስኮር፣ «ዲሴብል»፣ አንደርስኮር፣ «ፖሊሲ» ብትጽፉና ዩዘሩን ብትተዉት ደግሞ ማረጋገጫው ለሰርቨሩ በሙሉ ይጠፋል። ይሄ ትልቁ መዶሻ ነው። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው የደንበኞቻችሁንም በር ይከፍታል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ መልሶ ማብራት ይረሳል። እኔ ረስቻለሁ፣ ለአራት ቀን።

አሁን ብራውዘሩን ክፈቱ። ኮድ ሳይጠይቅ በፓስወርድ ብቻ ያስገባችኋል። የኤስኤስኤች መስኮቱን ግን ገና አትዝጉት።

7. ኤስኤስኤችም እምቢ ካለ

ሲፒሃልክ አይፒያችሁን ዘግቶት ከሆነ ቀላሉ ዘዴ መረብ መቀየር ነው። ዋይፋዩን አጥፉና ከስልክ ዳታ ላይ ሞክሩ፣ አይፒው ሌላ ይሆናል።

የኤስኤስኤች ፖርቱ (የበሩ ቁጥር) ከተዘጋ ወይም የኤስኤስኤች ቁልፉ በጠፋው ላፕቶፕ ላይ ከቀረ፣ ወደ አቅራቢው ገጽ ሂዱና ኮንሶል የሚለውን ፈልጉ። ይሄ ሰርቨሩ ፊት ለፊት ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክቶ እንደመቀመጥ ነው፣ በኢንተርኔት ፋየርዎል አይታገድም። በሩት ፓስወርድ ግቡና ቁጥር 6 ላይ ያለውን አድርጉ። ኮፒ ፔስት ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ በእጅ ነው የሚጻፈው፣ ረጋ በሉ።

የሩት ፓስወርዱም ከጠፋ የአቅራቢው ገጽ ላይ ፓስወርድ መቀየሪያ ወይም ሬስኪዩ ሞድ ይኖራል። ሬስኪዩ ማለት ሰርቨሩ በሌላ ትንሽ ሲስተም ይነሳና የእናንተን ዲስክ እንደ ፍላሽ ዲስክ ከፍታችሁ ታዩታላችሁ። ያኔ ድረ ገጾቹ ሁሉ ይቆማሉ፣ ስለዚህ ለደንበኞች አስቀድማችሁ ንገሩ። ሊኑክስን ብዙ ካልለመዳችሁ ይሄን ለብቻችሁ በሌሊት አትጀምሩት።

8. የአቅራቢው አካውንት ራሱ ከተዘጋ

ይሄ ነው ከባዱ። ኮንሶሉም፣ ሬስኪዩውም፣ ደረሰኙም ከዚህ በር ጀርባ ናቸው። መጀመሪያ አካውንቱን ስትከፍቱ የሰጣችሁ የመጠባበቂያ ኮድ ካለ ኢሜይላችሁንና ወረቀታችሁን ፈልጉ። ከሌለ አቅራቢው ማንነታችሁን ያጣራል፦ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ የቅርብ ደረሰኝ ቁጥር፣ የተከፈለበት ካርድ መጨረሻ አራት አሃዝ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚመጣው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስላልነበረን ብዙዎቻችን አካውንቱን ያስከፈትነው ሜሪላንድ ባለ ወንድም ወይም ዱባይ ባለች እህት ካርድ ነው፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ በእነሱ ስም። ያኔ አቅራቢው የሚያውቀው ባለቤት እናንተ አይደላችሁም፣ እሷ ናት። የእናንተን መታወቂያ ስትልኩ ነገሩ ይባስ ይጠረጠራል። ስለዚህ ቲኬቱን እሷ ትጻፍ፣ መታወቂያውንም እሷ ትላክ። ሰው በዓመት አንዴ «እህቴ፣ ካርድሽን» ብሎ ብቻ ከርሞ ድንገት ሌሊት ሲደውል ስለምትደነግጥ፣ ምን እንደምትባልና ምን እንደምትመልስ በድምፅ መልእክት ረጋ ብላችሁ አስረዷት።

አካውንቱ በስማችሁ ከሆነም ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። አንዱ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ገብቶ ይሆናል። ይሄን ቲኬቱ ውስጥ በአንድ መስመር ቀድማችሁ ካስረዳችሁ ብዙ ክርክር ይቀራል።

በዚህ ጭንቀት መሃል ቴሌግራም ላይ «እኔ የሳፖርት ሠራተኛ ነኝ፣ ኮድህን ላክልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ብሎክ። እውነተኛ ሳፖርት ፓስወርዳችሁንም ኪው አር ኮዳችሁንም አይጠይቅም፣ የሚከፍተው በራሱ በኩል ነው።

9. ከገባችሁ በኋላ፣ ያው ሌሊት

ነገ አትበሉ። ማረጋገጫውን እንደገና አብሩትና ኪው አር ኮዱ ስክሪኑ ላይ ሳለ በሁለት ስልክ ስካን አድርጉት፣ በእናንተና ቤት በሚቀመጠው አሮጌ ስልክ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ኮድ እያወጡ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ከኪው አሩ አጠገብ የሚታየውን ረጅም ቁልፍ ደግሞ በወረቀት ጻፉት። እኔ የጻፍኩት የቤቱ ካርታ ያለበት ፖስታ ውስጥ ነው፣ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። አፑ ውስጥም ስሙን «ሩት» ብላችሁ አትተዉት፣ የሰርቨሩን ስም ጨምሩበት።

ስልኩ ተሰርቆ ከነበር በሱ በኩል ማን እንደገባ ማየት አለባችሁ። ኤስኤስኤች ላይ «ላስት» ብላችሁ ጻፉ፣ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አይፒ እንደገባ ይደረድርላችኋል። የማታውቁት አይፒ ካለ የሩት ፓስወርዱን አሁኑኑ ቀይሩ፣ የማታውቁትን የኤስኤስኤች ቁልፍም አጥፉ።

ከዚያ ሌላ ብራውዘር ወይም የተደበቀ መስኮት ከፍታችሁ ከመጀመሪያው ግቡ፦ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ፣ ኮድ። ከአሮጌው ስልክ ባለው ኮድም አንዴ ውጡና ግቡ። ሁለቱም ካስገቧችሁ ያን የኤስኤስኤች መስኮት መዝጋት ትችላላችሁ፣ ቴሌግራም ውስጥ ያለውንም ስክሪንሾት አጥፉት። የደንበኛዬን ዲስክ ያጸዳሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በእርግጥም አምስት ደቂቃ ነው የወሰደው።